«ውሃው መቼ ነው የሚጎድለው?»



አዲስ ተመራቂ ሳለሁ ቆቃ ሐይቅ አጠገብ ሠርቻለሁ። አንዲት እናት በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ልጇን ወባ ይዞት አመጣችው። በሦስተኛው፣ «ዶክተር፣ ውሃው መቼ ነው የሚጎድለው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። መድኃኒት ሰጥቼ ወደዚያው ቤት መለስኳቸው።

የቆቃ ግድብ አዋሽ ላይ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። 43 ሜጋ ዋት ገደማ የማመንጨት አቅም አለው፤ ከሥሩ ላሉት ኃይል ማመንጫዎችና ለወንጂ ሸንኮራም ውሃ ያደርሳል። ጥናቶች ደግሞ ዳርቻው ላይ የሚኖረው ሰው ራቅ ካለው ይልቅ በወባ እንደሚጠቃ አሳይተዋል። በበጋ ውሃው ቀስ እያለ ሲሸሽ ኩሬ እየተወ ነው፤ ፈጠን ብሎ ሲሸሽ የትንኝ እጭ ይቀንሳል።

ዛሬ ኃይልን፣ ውሃን፣ መሬትን፣ አየር ንብረትንና ኢኮኖሚን አንድ ላይ የሚያሰሉ ሞዴሎች አሉ። አንዱ ጫፍ ሲነካ ሌላው የት እንደሚነቃነቅ ያሳያሉ። ውሃው ቶሎ ይለቀቅ ብንል መብራቱስ? ዝናብ ቢዘገይ መስኖውስ? ግን ሞዴል የሚቆጥረው ያስገባንለትን ብቻ ነው። ሜጋ ዋቱ ገብቶ ትኩሳቱ ከቀረ፣ «አዋጭ ነው» የሚለው መልስ ግማሽ ነው።

እዚህ አዳራሽ መሐንዲስ አለ፣ የእርሻ ባለሙያ አለ፣ የኢኮኖሚ ሰው አለ። እናንተ የግድቡን የውሃ ልክ ይዛችሁ ኑ፤ እኔ የየሳምንቱን የወባ ቁጥር ይዤ እመጣለሁ። ለዚያች እናት አሁንም መልስ አለብኝ፤ ብቻዬን ግን አልችለውም።