ደጅ ላይ የቆመው ጴጥሮስ

ይህ መልእክት መጀመሪያ የተላለፈው በሬዲዮ ነው። ከዚያ በኋላ አንዳንዶቻችሁ "በጽሑፍ ይሁንልን" ስላላችሁን ጥቂት አሳጥረን በዚህች ትራክት አውጥተነዋል። አነጋገሩን ግን ብዙም አልነካነውም። መጽሐፍ ቅዱሳችሁ አጠገባችሁ ካለ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12ን ክፈቱ። ከሌለም ግድ የለም፣ እኔ እተርክላችኋለሁ፤ ኋላ ግን ራሳችሁ አንብቡት።

ታሪኩ በሐዘን ነው የሚጀምረው። ንጉሡ ሄሮድስ የዮሐንስን ወንድም ያዕቆብን በሰይፍ ገደለው። ሉቃስ ይህን በአንዲት አጭር ቁጥር ጽፎ ያልፋል። ለቅሶው እንዴት እንደ ነበር፣ እናቱ ምን እንደ ሆነች፣ ምንም አይነግረንም። ሄሮድስ ነገሩ አይሁድን ደስ እንዳሰኛቸው ሲያይ ጴጥሮስንም ያዘና ወኅኒ አስገባው። አራት አራት ሆነው በየተራ የሚጠብቁ አራት ቡድን ወታደሮች መደበበት። አሥራ ስድስት ወታደር ለአንድ ዓሣ አጥማጅ! ቤተ ክርስቲያን በዚህ ጊዜ ምን አደረገች? አጥብቃ ጸለየች።

ሊያወጡት ባሰቡባት በዚያች ሌሊት ጴጥሮስ ተኝቷል። በሁለት ሰንሰለት ታስሮ፣ በሁለት ወታደር መካከል፣ ነገ ሊሞት፣ ተኝቷል። እኔ ነገ ስብሰባ ካለብኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። መልአኩ መጣ፣ ብርሃን በራ፣ ጴጥሮስ ግን አሁንም አልነቃም! መልአኩ ጎኑን መትቶ ነው የቀሰቀሰው። ከዚያ በኋላ ያለውን ልብ በሉ፤ ታጠቅ ይለዋል፣ ጫማህን አድርግ ይለዋል፣ ልብስህን ልበስና ተከተለኝ ይለዋል። ጠዋት ትምህርት ቤት የሚረፍድበትን ልጅ እንደምታለብስ እናት ማለት ነው። ጴጥሮስም እውነት አልመሰለውም፣ ራእይ የሚያይ መስሎት ተከተለ። አንደኛውን ጥበቃ አለፉ፣ ሁለተኛውንም አለፉ፣ ወደ ከተማ የሚያወጣው የብረት መዝጊያ ደግሞ ማንም ሳይነካው በራሱ ተከፈተ።

ጴጥሮስ ልቡ ሲመለስለት ወደ ማርቆስ እናት ወደ ማርያም ቤት ሄደ። ብዙዎች ተሰብስበው ይጸልያሉ። ስለ ማን? ስለ እሱ! አንኳኳ። ሮዴ የምትባል ገረድ ወጣች። ድምፁን አወቀችው። ከደስታዋ የተነሣ በሩን ሳትከፍት ወደ ውስጥ ሮጠች፤ ጴጥሮስ ደጅ ቀረ።

እዚህ ላይ ላቁምና ስለ ራሴ ልናገር። ይህን በሬዲዮ ስናገር ድምፄ ትንሽ ተሰብሮ ነበር፤ የሰማችሁ ሳታውቁት አትቀሩም።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። በቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶች የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት አስተምር ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይህንኑ ምዕራፍ እያነበብን ነው። ልክ እዚህ፣ ሮዴ በሩን ትታ ስትሮጥ፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጠች የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳቀች። ፈገግታ እንዳይመስላችሁ፤ አፏን በነጠላዋ ብትይዘውም አምልጧት ተንከትክታ ነው የሳቀችው። አጠገቧ ያሉትም ተከተሉ። እኔ በዚያ ወቅት በማታው ክፍል ሥነ መለኮት የምማር፣ ሁለት መደርደሪያ መጽሐፍ ያለኝ፣ ትልቅ ሰው ነበርሁ። ለዚያ ቀን ያዘጋጀሁት ስለ ጸሎት ኃይል ሦስት ነጥብ ነበር፤ በሳቁ ውስጥ ሦስቱም ሲፈርሱ ታዩኝ። መጽሐፉን አጠፍሁና፣ "እዚህ ቤት የምንመጣው ለመሳቅ አይደለም። የሚያስቅሽ ነገር ካለ ውጭ ወጥተሽ ሳቂ" አልኋት። ወጣች። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣችም። ከዚያ በኋላም አልመጣችም። እኔም ብሆን አልፈለግኋትም። እውነቱን ልናገር፣ "የእግዚአብሔርን ቃል ያስከበርሁ" ነው የመሰለኝ።

አሁን ስለ እናቴ ልንገራችሁ። እናቴ ትምህርት ቤት ገብታ አታውቅም። ፊደል የቆጠረችው በ1971 ዓ.ም. በታወጀው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ፣ ከልጇ ዕድሜ በማይበልጥ ተማሪ እጅ ነው። ያ መንግሥት ብዙ ጸሎት ቤቶችን እየዘጋ እናቴን ግን ማንበብ አስተማራት። የተማረችውን ፊደል ይዛ ቤቷ ገባችና መጀመሪያ የገለጠችው መጽሐፍ ቅዱስን ነው። ጌታ ሥራውን በማን እጅ እንደሚሠራ ሳስብ ይህም ያስቀኛል።

እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ጣቷን ከመስመሩ ሥር አድርጋ፣ ቃል በቃል፣ ድምፅ እያሰማች ነበር የምታነበው። እኔ በአንድ ሰዓት ሦስት ምዕራፍ እጨርሳለሁ፤ እሷ አንድ ምዕራፍ ለመጨረስ ቡናው ሦስተኛ ይደርሳል። በመጨረሻው ሕመሟ ወራት ማታ ማታ አጠገቧ እቀመጥ ነበር። አንድ ማታ ይህን ምዕራፍ ታነባለች። ጣቷ ከቁጥር ወደ ቁጥር ይሄዳል። ሮዴ ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሕመሙ የተነሣባት መስሎኝ ደንግጬ ተነሣሁ። ለካ እየሳቀች ነው!

"ምን ሆነሽ እማዬ?" አልኋት።

"አባትህን አስታውሼ ነው" አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደርግ ጊዜ እኛ ቤት ለጸሎት ይሰበሰቡ ነበር። ረከቦቱ ይቀርባል፣ ስኒው ይደረደራል፤ ድንገት ሰው ቢመጣ ቡና እየጠጡ ነው። መዝሙሩም በሹክሹክታ ነው። በሩ የሚንኳኳበት ምልክት ነበረው። አንድ ማታ ዝናብ እየዘነበ አባቴ ከሥራ መጣና ምልክቱን ረስቶ በጡጫ ደበደበው። በቤት ያሉት ሁሉ እስትንፋሳቸው ቆመ። መጽሐፍ ቅዱሱ ከመሶቡ ሥር ገባ፤ መብራት ጠፋ። "ኧረ እኔ ነኝ" ቢል ድምፁ በዝናቡ አልተሰማም። የቤቱ ባለቤት በገዛ ደጁ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲበሰብስ፣ ሚስቱ ደግሞ ውስጥ ሆና "ጌታ ሆይ፣ ይህን ሰው ከደጃችን መልስልን" እያለች ትጸልያለች!

እናቴ ይህን ስትነግረኝ እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል። እኔም ሳቅሁ። ስስቅ ግን ያቺ ልጅ ድንገት ፊቴ ላይ መጣችብኝ።

ወገኖቼ፣ ታሪኩን አሁን እንደገና እዩት። የወኅኒው የብረት መዝጊያ በራሱ ተከፍቷል። ለጴጥሮስ አልከፈት ያለው የጸሎት ቤቱ በር ነው! ሮዴ "ጴጥሮስ ደጅ ቆሟል" ብትላቸው አብደሻል አሏት። አጥብቃ ስትናገር ደግሞ መልአኩ ነው አሉ። ስለ ጴጥሮስ መፈታት እየጸለዩ ጴጥሮስ መፈታቱን አላመኑም። የቤቱ ሥነ መለኮት ሁሉ፣ ስለ መላእክት የሚያውቁት ሁሉ፣ እውነቱን ላለመቀበል ዋለ። ያመነችው አንዲት ገረድ ናት፤ እሷም በሩን መክፈት ረሳች። ጴጥሮስ ማንኳኳቱን ቀጠለ ይላል ሉቃስ። የተሰደደች ቤተ ክርስቲያን ስለ ራሷ እንዲህ ያለ ታሪክ ጽፋ ስታስቀምጥ አስቡት። የሚያሳፍረንን ደብቀን የሚያስመሰግነንን ብቻ በመጽሔት የምናወጣ እኛ ብንሆን እናስቀረው ነበር።

እኔ በሦስቱ ነጥቤ "ቤተ ክርስቲያን በእምነት ጸለየችና በሩ ተከፈተ" ብዬ ላስተምር ነበር። ምዕራፉ የሚለው ግን ሌላ ነው። እምነታቸው ከጴጥሮስ ማንኳኳት ያነሰ ነበር፤ ጌታ ግን ሰማቸው። ጸሎትን የሚሰማው በእምነታችን ልክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማናችን እንቆም ነበር? ይህን ወንጌል ያቺ ልጅ በሳቋ ነክታው ነበር። እኔ በመጽሐፍ ብዛት አልፌው ሄጃለሁ።

ይህ በሬዲዮ ከተላለፈ በኋላ አንድ ወንድም ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ዋዛን እንዳልፈቀደ አስታወሰኝ። ትክክል ነው፣ አመሰግነዋለሁ። ዋዛ አለ፤ ሰውን የሚያዋርድ፣ ቅዱሱን የሚያረክስ፣ አፍን የሚያቆሽሽ። እሱን ከቤታችን እናውጣ። ነገር ግን እግዚአብሔር ለአብርሃም የተስፋውን ልጅ ስም ሲሰጠው ይስሐቅ አለው፤ ሳቅ ማለት ነው። አብርሃም በግምባሩ ወድቆ ስቆ ነበር። ሣራም በድንኳኑ ውስጥ ሆና ስቃለች፤ ስትጠየቅ ደግሞ ፈርታ ካደች። ጌታ በዚያ ሳቋ ምክንያት ልጁን አልከለከላትም። በየቀኑ "ሳቅ፣ ና ብላ" እያለች እንድታሳድገው አደረጋት እንጂ።

ደግሞ ያዕቆብ አለ። ይህን ሳልናገር ብጨርስ እናቴን እበድላለሁ። ታላቅ ወንድሜ በ24 ዓመቱ ታመመ። ቤተ ክርስቲያን ሦስት ሳምንት ጾማ ጸለየችለት። ሞተ። ስለዚህ በዚያች ማታ፣ ከሳቁ በኋላ፣ እናቴን ጠየቅኋት፤ "እማዬ፣ ይህን ምዕራፍ ስታነቢ ወንድሜ አይመጣብሽም?"

ጣቷን ወደ ላይ መለሰችው። ወደ ሁለተኛው ቁጥር።

"እዚህ ጋ አንድ ሰዓት ቆሜ ነው እኮ ወደዚያኛው የሄድኩት" አለች። "አልዘለልኩትም።"

ለምን ጴጥሮስ ወጥቶ ያዕቆብ ቀረ? ሉቃስ አልነገረንም፤ እኔም ከመደርደሪያዬ መልስ አላወጣላችሁም። በአገራችንም ይህ ሆኗል። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በዚያው እናቴ ፊደል በቆጠረችበት ዘመቻ ዘመን፣ በሐምሌ 1971 ዓ.ም.፣ ታፍነው ተገደሉ። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ደግሞ ወደ አሥር ዓመት ገደማ ታስረው ብዙ ተሠቃይተው፣ ወጡ። በአንድ ቤት ውስጥ ያዕቆብም ጴጥሮስም። የተጸለየው ለሁለቱም ነበር። ስለዚህ አንተ በሐዘን ቤት ያለህ ወንድሜ፣ አንቺም እኅቴ፣ ዛሬ ሳቁ ብዬ አላስገድዳችሁም። ሁለተኛው ቁጥር ላይ የፈለጋችሁትን ያህል ቁሙ። እዚያ ለቆመ ሰው "ቶሎ እለፍ" የሚል ቃል በምዕራፉ ውስጥ የለም።

ስለ ማንበብ አንድ ነገር ልጨምር፣ በመስታወቱ ማዶ ያለው ወንድም ሰዓቱን ሳያሳየኝ። (አውጤኪስን አስታውሱ፤ ጳውሎስ ነገሩን ስላስረዘመ እንቅልፍ ጥሎት ከሦስተኛው ደርብ የወደቀው ጎልማሳ። እኔ ሙት የማስነሣት ጸጋ ስለሌለኝ ማሳጠር አለብኝ።) መጽሐፍ ቅዱስ ሙሉው በአማርኛ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1840 ነው። አቡ ሩሚ የተባሉ የአገራችን ሰው ካይሮ ውስጥ አሥር ዓመት ያህል ተቀምጠው ነው የተረጎሙት። አሥር ዓመት! እኔ የምቸኩለው ወዴት ነው? ጳውሎስም ሞቱን በሚጠብቅበት እስር ቤት ሆኖ ጢሞቴዎስ ካባውንና መጻሕፍቱን እንዲያመጣለት ጽፎለታል። መጻሕፍትን አትጥሉ። እኔም መደርደሪያዎቼን አልሸጥሁም። ግን ከእናቴ ማታ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ምዕራፍ ጣቴን ከመስመሩ ሥር አድርጌ ድምፅ እያሰማሁ አነባለሁ። ልጆቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

እናቴን ጌታ ወደ ራሱ ከሰበሰባት በኋላ ያቺን ልጅ መፈለግ ጀመርሁ። ቤተሰቧ ሰፈር ለቅቋል። በሰው በሰው ስልኳን አገኘሁ። ሌላ ከተማ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ለመደወል አራት ቀን ፈራሁ።

"ጤና ይስጥልኝ፣ ጋሼ" አለች ስሜን ስነግራት። ድምፅዋ የተማረች ሴት ድምፅ ሆኗል።

ያን ቀን አስታወስኋት። ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። "ይቅር በዪኝ" አልሁ። "ያኔ የወጣሽው አንቺ ነሽ፣ ያጠፋሁት ግን እኔ ነኝ።"

"እኔ እኮ ጋሼ" አለች ቀስ ብላ፣ "በቃሉ አልሳቅኩም። አጎቴ ዘምቶ ሞቷል ተብሎ ለቅሶ ተቀምጠንለት ነበር። አንድ ማታ በሩን ሲያንኳኳ አያቴ ከፍታ አየችው። እልል እያለች ወደ ጓዳ ሮጠች፤ እሱ ከነሻንጣው ደጅ ቀረ። ሮዴን ሲያነቡ አያቴን አየኋት። ለእርስዎ ልነግርዎት ነበር።"

የምመልሰው አጣሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስታስከብረው የነበረችውን ቃል ያዋረድሁት እኔ ነበርሁ። ስልኩን በጆሮዬ ይዤ ቆምሁ።

"ጋሼ፣ አሉ?"

"አለሁ።"

"እኔ ያኔ መሐል ላይ ነው የወጣሁት። ከዚያ ወዲህ ያንን ምዕራፍ ገልጬው አላውቅም።" ትንሽ ቆየችና፣ "በመጨረሻ ከፈቱለት?" አለችኝ።

መጽሐፍ ቅዱሴ ጠረጴዛው ላይ ነበር። "ጊዜ አለሽ?" አልኋት።

"ሰው እስኪመጣ አለኝ" አለች።

ገለጥሁት፤ ጣቴን ከመስመሩ ሥር አደረግሁና ካቆምንበት ቀጠልሁላት።