የልደት ደስታና የሚታገሥ ተስፋ
(ከልደት በዓል በፊት በዱርቤቴ ለተማሪዎች፥ ለመምህራንና ለወላጆች የተደረገ ንግግር)



እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስለ ልደት በዓል ጥቂት ቃል እንናገራለን። በዓሉ ስለ ተቃረበ የብዙዎቻችሁ ልብ ከወዲሁ ወደ ዶሮው ወጥና ወደ ገናው ዱላ እንደ ሸፈተ እናውቃለን፤ የእኛም እንደዚሁ ነው።

ከመካከላችን በልጅነታችን በሚስዮን ትምህርት ቤት የተማርን አለን። በዚያ የፈረንጆቹ ልደት ዲሴምበር 25 ቀን ይከበር ነበር፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ በእኛ አቈጣጠር ታኅሣሥ 16 ቀን ይውላል። በረዶ የተሣለበት ካርድ ይታደለናል፤ በመስኮት ብንመለከት ግን የሚታየን ፀሐይና የጤፍ ነዶ ነው። ዘምረን ወደ ቤታችን ስንመለስ «ክርስቶስ ተወልዷልና ጾሙ ይፈታልን» እያልን እናቶቻችንን እናስቸግር ነበር። የምናገኘው መልስ ሽሮ ነው! ኅዳር 15 ቀን የተጀመረው ጾመ ነቢያት ገና 13 ቀን ይቀረው ነበርና። ያ 13 ቀን ያን ጊዜ በከንቱ የተጨመረብን ቅጣት ይመስለን ነበር።

ጾሙ በነቢያት ስም የተጠራው እነርሱ የክርስቶስን መምጣት እየጠበቁ ስለ ጾሙ ነው። ከልደት በፊት ያሉት ሦስት እሑዶችም ስብከት፥ ብርሃንና ኖላዊ ይባላሉ፤ ነቢያት የሰበኩትን ተስፋ፥ የናፈቁትን ብርሃንና የለመኑትን እረኛ ያሳስቡናል። አበው እንደሚተርኩት ለአዳም የተሰጠው ተስፋ የተፈጸመው ከ5,500 ዓመት በኋላ ነው። እኛ ግን የፈተና ውጤት አንድ ሳምንት ቢዘገይ እንቅልፍ እናጣለን።

ከጠበቁት ሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው አረጋዊው ስምዖን ነው። ታሪኩን ቅዱስ ሉቃስ በምዕራፍ 2 ጽፎልናል። ክርስቶስን ሳያይ እንደማይሞት ተነግሮት ሲጠብቅ ኖሮ በመጨረሻ በቤተ መቅደስ ያየው ምንድን ነው? በዙፋን የተቀመጠ ንጉሥ አይደለም፤ ሮማውያን ሲሸሹም አይደለም፤ ያየው በእናቱ እቅፍ ያለ የ40 ቀን ሕፃን ነው። ሕፃኑ ገና አንድ ቃል አልተናገረም፥ አንድ ድውይም አልፈወሰም። ሽማግሌው ግን ታቅፎት እግዚአብሔርን አመሰገነ። የሚፈጸመውን ሁሉ አላየም፤ የተጀመረውን ግን አየ፥ ያም በቃው። እኛ የልደት ደስታ የምንለው ይህን ነው።

ይህን ለመረዳት ከዱርቤቴ መውጣት አያስፈልግም። በሰኔና በሐምሌ ጎተራው ሲጎድል ለዘር የተቀመጠው ጤፍ እዚያው ቤት ውስጥ አለ፤ እናት ግን አትፈጨውም። ለምን እንደማትፈጨው ልጆች ሳለን አይገባንም ነበር። አባት ያን ጤፍ ወስዶ በጭቃ ላይ ይበትነዋል። ቡቃያው ብቅ ሲል የገበሬው ፊት ይፈካል፤ ቡቃያ ግን እንጀራ አይሆንም። ያ ጤፍ በአውድማ ላይ በበሬ እግር የሚወቃው ወራት ቈጥሮ፥ አሁን በታኅሣሥ ነው።

ይህን የምንናገረው መከራ ሳናይ አይደለም። በ2015 ዓ. ም. ክረምት በክልላችን ግጭት ከተነሣ ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር፤ ከእኛም መካከል ዓመት የባከነበት አለ። አብረውን ከጀመሩት አንዳንዶቹ አልተመለሱም፤ አንዱ ለቀን ሥራ ወደ ከተማ ሄደ፥ አንዲቱ ተዳረች። እውነቱን ለመናገር፥ በዚያ ወራት «ታገሡ» የሚለን ሰው የሚሳለቅብን ይመስለን ነበር። መታገሥ ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ከሆነ ዛሬም አንወደውም። ገበሬው ግን እየጠበቀ ያርማል፤ ነቢይቱ ሐናም በመበለትነቷ እየጾመችና እየጸለየች ከቤተ መቅደስ አትለይም ነበር። ከጓደኞቻችንም በዚያ የጨለማ ወራት ሽፋኑን አይጥ የበላው አንድ የፊዚክስ መጽሐፍ እየተዋዋሱ በኩራዝ ያነበቡ አሉ። መጽሐፉ ዛሬ በክፍላችን ይገኛል፤ ከገጾቹ ሦስቱ ብቻ ጠፍተዋል።

ለቀን ሥራ የሄደው ጓደኛችን ለበዓሉ እንደሚመጣ ልኮብናል። በልደት ዕለት ከሰዓት በኋላ በሜዳው ላይ የገና ጨዋታ ስላለ ቦታውን ይዘንለታል፤ መምህራኖቻችንም ዱላቸውን ይዘው እንዲመጡልን በትሕትና እንለምናለን።