መድኃኒቱን የደበቀ

እንደምን ዋላችሁ? «እግዚአብሔር ይመስገን» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። ከምስጋናው ቀጥላችሁ «ብቻ ይቺ ወገቤ...» ያላችሁም አትጠፉም። የዛሬው ወግ የእናንተ ነው፤ ወገቤን፣ አንገቴን፣ ጉልበቴን እያላችሁ ወራትና ዓመታት ላስቆጠራችሁ።

እስቲ አንድ የፒያሳ ወርቅ ሠሪ እናስብ። ስም አላወጣለትም፤ ከምታውቋቸው የአንዱን ስም ስጡት። ሠራተኛ ሰፈር ተወልዶ ያደገ፣ ሙያውን ከአባቱ የወረሰ ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ ዝቅ ያለች ወንበር ላይ ጉብ ብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በግራው በወረንጦ የያዛትን ቀለበት በቀኙ ይሞርዳል። ሥራዋ ስትረቅበት ትንፋሹን ሳይቀር ይይዛል። ማታ ሊነሳ ሲል ግን ወገቡ አልታዘዝ ይለዋል። ጠረጴዛውን ይደገፍና ግማሽ ላይ ቆም ብሎ፣ «ኧረ በስመ አብ!» ብሎ ነው የሚቃናው። እንዲህ ከሆነ አራት ዓመት አልፎታል።

እጁን አጣጥፎ ግን አልተቀመጠም። መድኃኒት ቤት ጎራ ይልና «ያቺን የለመድኳትን» ይላል፤ ያለ ማዘዣ ዳይክሎፌናክ አሥር ፍሬ ይቆጠርለታል። ቅዳሜ ከሥራ በኋላ ፍልውሃ ይወርዳል፤ ከሙቁ ውሃ ሲወጣ ለአንድ ሌሊት እንኳ ሰው ይሆናል። እሑድ ማለዳ እንጦጦ ወጥቶ ጸበል ይጠመቃል። በሳምንቱ መሐል ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ይታሻል። ጎረቤቱ እትዬ በቡና ሰዓት «ይሄ እኮ ብርድ ነው ልጄ» ብለው ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሰው ያቀምሱታል። አማቹ «ዋግምት ካልታገምክ አይለቅህም» አለው፤ ሄዶ ታገመ። ልጁ ደግሞ ከመንገድ ዳር የወገብ ቀበቶ ገዝቶ አመጣለት።

በመጨረሻ ሆስፒታል ሄደ። ሐኪሙ ከካርዱ ላይ ቀና ሳይል ጠየቀው፦ «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«ኧረ ምንም የለም፣ ዶክተር!»

ምንም! አያችሁልኝ? ሰባት ነገር ሲሞክር የከረመ ሰው «ምንም» አለ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶች። እኛ እንኳ በሽታ መደበቅ ትተናል፤ በታክሲውም በለቅሶ ቤቱም የምናወራው በሽታ ነው። የምንደብቀው መድኃኒቱን ነው። ለመሆኑ መድኃኒቱን የደበቀስ ምን ያገኘዋል?

የሚደብቅበት ምክንያት አለው። ለወጌሻው ሐኪም ቤት መሄዱን አይነግርም፤ ይቀየመዋል። ለሐኪሙ ወጌሻ ቤት መሄዱን አይነግርም፤ ይቆጣዋል። ጸበል ቦታ ኪኒኑን አያነሳም፤ «እምነትህ ጎደለ» እንዳይሉት። ሁሉም አከሙት፤ ሰውየውን ሙሉ በሙሉ የሚያውቀው ግን አንድም የለም።

መቼም አራዳ ሕክምና ለመደባለቅ አዲስ አይደለችም። አዲስ አበባ ራሷ የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ብርድ ወርደው በወደዱት ፍል ውሃ አጠገብ ነው። ገበያው ጣሊያን ወደ መርካቶ እስኪያዛውረው ድረስ በጊዮርጊስ ዙሪያ ነበር፤ ገበያ ባለበት ደግሞ ባለ ሥራ ሥር አይጠፋም። በዚያው ዘመን ዶክተር ሜራብ የተባለ ጆርጂያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1910 በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ዘመናዊ መድኃኒት ቤት ከፈተ። ስለዚህ መደባለቁን ከአያቶቻችን ጀምሮ እናውቅበታለን። ያልቻልንበት ማቀናጀቱን ነው።

መደበቁ የሚያስከፍለውን እንይ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሕመምና እብጠት ያበርዳሉ፤ በልኩና ለአጭር ጊዜ ሲወሰዱ ይጠቅማሉ። ሲዘወተሩ ግን የጨጓራን መከላከያ ያሳሳሉ፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፣ ኩላሊትንም ሊጎዱ ይችላሉ። አሁን ወርቅ ሠሪያችንን በዐቢይ ጾም አስቡት። ሃምሳ አምስት ቀን፣ በአብዛኛው ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ፤ ኪኒኗ ግን ጠዋት ናት። ጨጓራው ሲነድበት «ጾሙ ነው» ይላል። ግፊቱ ሲጨምር ሐኪሙ የግፊት መድኃኒት ያዝለታል፤ ግፊቱን ከፍ ያደረገችውን ኪኒን ማን ነግሮት! ዋግምቱም ቢሆን ቆዳ ተበጥቶ ደም ከወጣበት በኋላ፣ ምላጩ ከማን ወደ ማን እንደተሻገረ ካልታወቀ ወገብ ሊያድን የሄደ ሰው የጉበት ቫይረስ ወይም ኤች አይ ቪ ይዞ ሊመለስ ይችላል።

ለመሆኑ ያ ሁሉ መድኃኒት ለምን አላዳነውም? መልሱ ያለው ከራሱ ከሕመሙ ጠባይ ነው።

ሕመም መጀመሪያውኑ ጠባቂያችን ነው። ይህን ከዘነበወርቁ አለርት ሆስፒታል በላይ የሚያስተምር ቦታ የለም። እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመ ነው። ሥጋ ደዌ ነርቭን ሲያደነዝዝ እጅ እሳትን፣ እግር እሾህን ማወቅ ያቆማሉ። ጣቶች የሚጎዱትም በአብዛኛው ሕመም ስለሌለ ሳይታወቅ ከሚደርስ ቁስልና ቃጠሎ ነው። ሕመም የማይሰማው ሰው ዕድለኛ አይደለም።

ከሦስት ወር በላይ የቆየ ሕመም ግን ሌላ ጠባይ ያመጣል። አንድ ሌሊት ሌባ የገባበትን ግቢ ውሻ ታውቁታላችሁ? ከዚያ ወዲህ ድመት ሲያልፍም፣ ቅጠል ሲወድቅም ይጮኻል። ጩኸቱ እውነተኛ ጩኸት ነው፤ ሌባው ግን ከሄደ ቆይቷል። በነርቮቻችንም የሚሆነው ይኸው ነው። ጉዳቱ ከዳነ በኋላ የአከርካሪ ነርቮችና አንጎል ከልክ በላይ ንቁ ሆነው ሊቀሩ ይችላሉ፤ ቀላሉን ንክኪ እንደ አደጋ ይቆጥሩታል። እንቅልፍ ማጣት፣ ሐሳብና ፍርሃት ደግሞ ያባብሱታል። ስለዚህ «ምንም የለህም» የሚል ሐኪምም፣ «አጥንትህ አልቋል» የሚል ጎረቤትም ሁለቱም ስተዋል።

«ዲስክህ ተንሸራቷል» የተባላችሁ ደግሞ ይህን ስሙ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ፣ 33 ጥናቶችን የሰበሰበ ግምገማ የጀርባ ሕመም ፈጽሞ የሌለባቸውን ሰዎች የአከርካሪ ምስል አየ። ከ50 ዓመት ሰዎች በ60 በመቶው ላይ የዲስክ ማበጥ ተገኘ፤ ከ20 ዓመት ወጣቶች እንኳ በ30 በመቶው ላይ። እነዚህ ሰዎች ወገባቸውን አያማቸውም! በኤም አር አይ ላይ የሚታይ ነገር ሁሉ የሕመሙ ምክንያት አይደለም፤ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ፣ እንደ ሽበት ያለ ለውጥ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ጆን ቦኒካን ላስተዋውቃችሁ። በጣሊያን ፊሊኩዲ ደሴት ተወልዶ አሜሪካ ያደገ፣ የሕክምና ትምህርቱን በትግል ግጥሚያ ገንዘብ የተማረ የሰመመን ሐኪም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሕመማቸው አልለቅ ያላቸው ወታደሮች ወደ እሱ ይላኩ ነበር፤ ብቻውን ግን አልቻለውም። የአጥንቱን፣ የነርቩንና የአእምሮውን ሐኪም በምሳ ሰዓት አንድ ጠረጴዛ ላይ ሰብስቦ ስለ አንዱ ታማሚ አብረው እንዲነጋገሩ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተመው መጽሐፍ ለዛሬው የሕመም ሕክምና መሠረት ሆነ። ያን ሁሉ ሲሠራ እሱ ራሱ ከትግሉ በተረፈው ጉዳት ይሰቃይ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም መመሪያ ሲያወጣ ያንኑ ጠረጴዛ ነው የዘረጋው። ታማሚው ስለ ሕመሙ በቂ ትምህርት ያግኝ፣ ሰውነቱን በፕሮግራም ያንቀሳቅስ፣ መታሸትና የመሳሰለው የእጅ ሕክምና ይታከልበት፣ የሥነ ልቦና ድጋፍ ያግኝ፣ እንደ አይቡፕሮፌን ያለ መድኃኒትም በቦታው ይግባ ይላል። ያቺ ልጅየው የገዛት የወገብ ቀበቶ ግን አይመከርም ከተባሉት መካከል ናት፤ እንደ ትራማዶል ያሉት ጠንካራ ማስታገሻዎችም እንዲሁ። በመመሪያው ቦታ ያገኘ ሌላም አለ፤ ከሚያቃጥል በርበሬ የሚዘጋጅ ቅባት። የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር ካፕሳይሲን ይባላል፤ ነርቭ እንዴት እንደሚቀበለው ያገኘው ዴቪድ ጁሊየስ እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። አደራ፣ ይህን ሰምታችሁ ሚጥሚጣ በወገባችሁ ላይ እንዳትለጥፉ! በልኩ የተዘጋጀው ቅባት ነው የተመከረው።

ከሁሉም የሚቀድመው እንቅስቃሴው ነው። ሕመም ያለበት ሰው መተኛት ያምረዋል፤ የተኛ ጡንቻ ደግሞ ይሰንፋል፣ የሰነፈ ጡንቻ ይበልጥ ያማል። ወርቅ ሠሪያችን በየግማሽ ሰዓቱ ከወንበሯ ይነሳ። ማታ ከጊዮርጊስ ተነስቶ በዚህ ሳምንት እስከ ደጎል አደባባይ ይሂድ፤ በሚቀጥለው እስከ ራስ መኰንን ድልድይ፤ ወር ሲሞላው አራት ኪሎ ይድረስ። የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፤ ክፍያም የለውም። ትንሽ ቢቆረጥመው ተጎዳሁ ብሎ አይደንግጥ፤ ደኅና በሆነ ቀን ደግሞ ጀግና ነኝ ብሎ እንጦጦ አይውጣ። መጠኑን ቀስ እያለ ይጨምር።

አንዳንዴ ሐኪም አሚትሪፕቲሊን የተባለ መድኃኒት ያዝዛል። ታማሚው ወረቀቱን ያነብና «ይሄ የድብርት መድኃኒት አይደል እንዴ? አብደሃል እያለኝ ነው!» ብሎ ይቀየማል፤ ኪኒኑንም ከመሳቢያ ይጥለዋል። ይህ መድኃኒት በአነስተኛ መጠን የነርቭ ሕመም ያበርዳል፣ እንቅልፍም ይሰጣል፤ የታዘዘው ለዚያ ነው። ሐኪሙ ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር ቢያስረዳ ኪኒኑ መሳቢያ ውስጥ አይቀርም ነበር።

ሰውም መድኃኒት ነው። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ ብዙ ቤት ሲፈርስ ጎረቤት ወደ ከተማው ዳር ተበትኗል። የቡና ማኅበሩ የተበተነበት፣ እድሩ የራቀው ሰው ሕመሙ ቢብስበት አይገርምም። እትዬን በስልክ እንኳ ማግኘት ከሕክምናው አንድ ክፍል ነው፤ ጥቁር አዝሙዳቸውን ግን ለሐኪሙ ይንገርላቸው።

«የኛ ሐኪምና የኛ ባህል የት ተስማምተው?» ትሉኝ ይሆናል። ተስማምተው ያውቃሉ። በ1999 ዓ.ም. ግድም በእንጦጦ ጸበል የሚጠመቁ የኤች አይ ቪ ታማሚዎች መድኃኒታቸውን ሲያቋርጡ፣ የዚያን ጊዜው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በአደባባይ አስተማሩ። ወጌሾችንም በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በአንድ የእንግሊዝ የአጥንት ቀዶ ሕክምና መጽሔት የወጣ ኢትዮጵያዊ ጥናት አለ። ስብራት ከልክ በላይ አጥብቀው ሲያስሩ እግር እየሞተ ይቆረጥ ነበር። ወጌሾቹ ተጠርተው አጭር ሥልጠና ተሰጣቸው፤ የሚቆረጠውም ቁጥር ቀነሰ። ማንም ወጌሻውን አላባረረም፤ አስተማሩት እንጂ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። እግር እየዛለ ወይም እየደነዘዘ ከመጣ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ ወይም በብልትና በመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ ካለ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይደረስ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ያለ ምክንያት መክሳት ከወገብ ሕመም ጋር ሲመጡም ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በአገራችን የአከርካሪ ቲቢ አለ፤ ፍልውሃም መታሸትም አያድነውም።

እንግዲህ አድማጮቼ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ የምትወስዱትን ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፦ ኪኒኑን፣ ቅባቱን፣ የሥራ ሥሩን ብልቃጥ። ወጌሻ ከሄዳችሁ፣ ጸበል ከተጠመቃችሁ፣ ከታገማችሁ ተናገሩ። ሐኪሞቻችንም አደራ፣ ታማሚው ፌስታሉን ሲፈታ አትሳቁ፣ አትቆጡ፤ አንድ ጊዜ የተቆጣችሁት ሰው ሁለተኛ እውነቱን አይነግራችሁም። ሐኪሙ ካልጠየቃችሁ ደግሞ ሳትጠየቁ ንገሩት።