ከደጃፍ የሚመለሱ ልጆች

ዛሬ ወደ ሥራ ስትሄዱ በአንዱ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በር ብታልፉ፣ ቦርሳ ያነገተ ወጣት ከታክሲ ወርዶ ሲያማትብ፣ ደጁን ተሳልሞ መንገዱን ሲቀጥል ታያላችሁ። ቸኩሎ ነው ትሉ ይሆናል። እሑድም ግን እንዲሁ ነው።

ይህ ወጣት እምነቱን አልጣለም። በጥር 2015 ዓ.ም. ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ያለ ሲኖዶሱ ፈቃድ 26 ኤጲስ ቆጶሳትን ሲሾሙ፣ ሹመቱን በመቃወም በነነዌ ጾም ጥቁር ለብሰው የወጡት እሱና መሰሎቹ ናቸው። ያደገውም ሲኖዶሱ የአገር ቤትና የአሜሪካ ተብሎ ለሁለት በተከፈለበት ዘመን ነው፤ እርቁ የወረደው በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ነበር። አባቶች ሲወጋገዙ እየሰማ ያደገ ልጅ «ለአባቶች ታዘዝ» ሲሉት ዝም ቢል ምን ይገርማል?

ከሁሉ የሚያርቀው ግን ትልቁ ጠብ አይመስለኝም። ጃንጥላው ለገንዘብ መሰብሰቢያ ተገልብጦ ሲዞር፣ ማይክሮፎኑ ከወንጌሉ ይልቅ ለሕንፃ ማሠሪያ ረዘም አድርጎ ሲለምን፣ ሒሳቡን የጠየቀ ልጅ ደግሞ «ተሐድሶ ነው፣ መናፍቅ ነው» ተብሎ ሲጠረጠር ነው።

የሰበካ ጉባኤ አባላት ሆይ፣ የዓመቱን ገቢና ወጪ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፉልን። ሙዳየ ምጽዋቱ ሲቆጠርም የሰንበት ትምህርት ቤቱን ወጣቶች አጠገባችሁ አስቀምጧቸው።