በሽጉጥ ማደንና ሕግ
በትምህርት ቤቱ የመታሰቢያ በዓል ላይ በአንድ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ የተደረገ ንግግር



ዛሬ እንድናገርበት የመረጥሁት ነገር ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሳይሆን አይቀርም። አውሬን በሽጉጥ ማደን በአገራችን የተለመደ አይደለም። አባቶቻችን ያድኑ የነበረው በጦር፣ በኋላም በጠመንጃ ነው። ዝሆን ወይም አንበሳ ገድሎ የተመለሰ ሰው ይፎከርለትና ይዘፈንለት ነበር፤ ሽጉጥ ግን በወገብ የሚታጠቁት ጌጥና መከላከያ እንጂ የአዳኝ መሣሪያ ሆኖ እምብዛም አልተቈጠረም። ታዲያ ስለ ሩቅ አገር ልማድ መናገር ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር መልሴ ይህ ነው፤ ሕግ አንድን መሣሪያ በምን ሚዛን መዝኖ እንደሚፈቅድና እንደሚከለክል ለመመልከት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። የአውሬው ስቃይ፣ የጎረቤት ደኅንነትና የወጣቶች አስተዳደግ ሦስቱም በዚህ አንድ ጉዳይ ውስጥ ይገናኛሉና። የማነሣቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ እገልጻለሁ።

በሽጉጥ ማደን በይበልጥ የታወቀው በአሜሪካ ነው። በ1935 .357 ማግነም የተባለው ጥይት ወጣ፤ በ1950ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ከርሱ የበረታው .44 ማግነም ተከተለ። (ቍጥሩ የአረሩን ውፍረት በኢንች በግምት የሚያመለክት ነው።) ይህ ሁለተኛው ጥይት እንዲሠራ ብዙ ከወተወቱት ሰዎች አንዱ ስለ መሣሪያና ስለ አደን ይጽፍ የነበረው ኤልመር ኪዝ ነበር። በ1967 አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ አፈ ሙዙ ረዘም ያለ ለአደን የተሠራ ሽጉጥ ለገበያ ቀረበ። ከዚህ ወዲያ ሽጉጥ ይዞ አጋዘን ፍለጋ መውጣት የብዙ ሰው ልማድ ሆነ፤ ሕግም ሊከተለው ግድ ሆነበት።

በአሜሪካ ግን ለመላው አገር የሚሆን አንድ የአደን ሕግ የለም። ሃምሳው ግዛቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ይደነግጋሉ። በኦሃዮ አጋዘን የሚታደንበት ሽጉጥ አፈ ሙዙ ከ5 ኢንች ማነስ የለበትም፤ ጥይቱም ከ.357 ያላነሰ፣ ቀለሁም ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ጎረቤቷ ኢንዲያና 4 ኢንች ይበቃል ትላለች። ቴክሳስ ስለ አረሩ ውፍረት ዝቅተኛ ልክ ሳታወጣ፣ መቀጣጠያው በቀለሁ ጠርዝ ላይ ያለውን ደካማ ጥይት ብቻ ለአጋዘን ከልክላለች። ማሳቹሴትስ ደግሞ አጋዘንን በሽጉጥ ማደን ፈጽሞ አትፈቅድም። አንድ ሰው በአንድ ቀን በመኪና ተጕዞ በአንደኛው ግዛት ሕጋዊ፣ በሌላው ወንጀለኛ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ለመላው አገር አንድ የሆነው ሕግ ከአገር ወደ አገር ስለሚሰደዱ ወፎች የተደነገገው ነው። ዳክዬና ዝይ ድንበር አያውቁም፤ ስለዚህ አሜሪካ በ1916 ስለ ካናዳ ከብሪታንያ ጋር ተዋዋለች፤ በ1918ም ሕጉ ወጣ። በዚህ ሕግ ሥር በወጣው ደንብ እነዚህን ወፎች በወጥመድ፣ በመረብ፣ በጠመንጃ አረርና በሽጉጥ ማደን ክልክል ነው፤ የተፈቀደው ትንንሽ አረር የሚበትነው መሣሪያ ነው። ወደ ሰማይ የተተኰሰ አንድ ወፍራም አረር የት እንደሚወድቅ ተኳሹ አያውቅም፤ የሚበተኑት ፍሬዎች ግን ቶሎ ይደክማሉ። ትንሿ የ.22 ጥይት እንኳ አንድ ማይል ተኩል ድረስ ልትሄድ እንደምትችል በሣጥንዋ ላይ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ይናገራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የሽጉጥ ጉድለቱ ምንድን ነው? ብዙ ሰው «ኃይሉ ትንሽ ነው» ብሎ ይመልሳል። እውነት ነው፤ የተለመደው የ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ጥይት ከአፈ ሙዝ ሲወጣ ያለው ኃይል 350 ፉት ፓውንድ አካባቢ ነው። .44 ማግነም ወደ 1,000 ይደርሳል። .30-06 የተባለው የታወቀ የአደን ጠመንጃ ጥይት ግን ወደ 2,800 ይጠጋል። ዳሩ ግን ይህ የነገሩ ግማሽ ብቻ ነው፤ ሌላው ግማሽ የጂኦሜትሪ ጉዳይ ነው። (መምህራችን እዚህ አሉ፤ ስሕተት ካለበት ያርሙኝ።)

የአንድ ሽጉጥ የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያ በ15 ሳንቲ ሜትር ይራራቃሉ እንበል። አዳኙ እጁ ጥቂት ተንቀጥቅጦ የፊተኛውን በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ አዛነፈው። በሁለት ተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች ሕግ ብናሰላው፣ በ50 ሜትር ርቀት ላይ ጥይቱ ካሰበው ስፍራ 33 ሳንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። በጠመንጃ ሲሆን ማነጣጠሪያዎቹ 60 ሳንቲ ሜትር ቢራራቁ፣ ያው የ1 ሚሊ ሜትር ስሕተት 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ያሳስታል። የአጋዘን ልብና ሳንባ የሚገኙበት ስፍራ ከአንድ ሳሕን አይሰፋም፤ ከዳር እስከ ዳር 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ መካከሉን ያነጣጠረው ባለ ጠመንጃ ተሳስቶም ቢሆን ገድሏል። ባለ ሽጉጡ ግን ወይ ስቷል፣ ወይም ሆዷን ወይም እግሯን መትቷል። በዚህ ላይ ሽጉጥ በትከሻ የሚደገፍ ሰደፍ የለውም፤ ሁለቱ እጆች ብቻ ናቸው የሚሸከሙት።

ሆዷን የተመታች አጋዘን በዚያው አትወድቅም። ደሟ እየፈሰሰ ጫካ ትገባለች፤ ሰዓቶች፣ አንዳንዴም ሌሊቱን ሙሉ ትሠቃያለች፤ ሥጋዋም ለአዳኙ አይደርስም። ሕጉ ስለ አፈ ሙዝ ርዝመትና ስለ ጥይት ውፍረት ይህን ያህል የሚጨነቀው በይበልጥ ስለዚህች እንስሳ ነው። ኢንች መቍጠር ተራ የጸሐፊ ሥራ የሚመስለው ሰው ይህን ያስብ።

የሽጉጥ አዳኞች የሚመልሱት መልስ ግን ቀላል አይደለምና ሳልናገረው ባልፍ ግፍ ይሆናል። «ቀስት ከሽጉጥ ይልቅ አጭር ርቀት ነው የሚደርሰው፤ ታዲያ ቀስት ተፈቅዶ ሽጉጥ ስለ ምን ይከለከላል? ደግሞም የመሣሪያው አጭርነት አዳኙ ቀስ ብሎ እንዲጠጋ፣ ነፋሱን እንዲያጠና፣ እንዲታገሥ ያስተምረዋል» ይላሉ። ለሠለጠነና ራሱን ለሚገዛ ሰው ይህ እውነት ነው። ሆኖም በእኔ አስተያየት ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ቀስት ከሚደርስበት ርቀት አልፎ ለመተኰስ አያስጎመጅም፤ ሽጉጥ ግን እጅ በእርግጥ ከሚመታበት ርቀት እጅግ አልፎ ይደርሳል። ቃታውን መሳብም ቀላል ነው። ፈተናው ከዚያ ይመጣል።

የኢሊኖይ ግዛት ነገር ደግሞ የሚያስገርም ነው። ሜዳማ አገር ስለሆነች የጠመንጃ አረር ሩቅ ሄዶ ሰው እንዳይጎዳ በመፍራት፣ ለብዙ ዘመን ጠመንጃን ለአጋዘን አደን ከልክላ ሽጉጥን ግን ፈቅዳ ኖረች። አንድ ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ የተፈቀደው በ2023 ነው። ሽጉጡም ቢሆን በእጅ የሚሽከረከር ጎራሽ ያለው ወይም አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ እንዲሆን ነው የታዘዘው፤ ራሱ የሚጎርሰው አልተፈቀደም። እንዲህ ያለው ሕግ ከአጋዘኗ ይልቅ የጎረቤቱን ገበሬ ያስቀደመ ነው። ሁለቱን አብሮ ማስጠበቅ ሁልጊዜ አይቻልምና አውጪዎቹን መውቀስ አልደፍርም።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ሽጉጥ በልብስ ሥር ይደበቃል። ያለ ፈቃድ ለሚያድን ሰው ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ የዱር ጠባቂው ከሩቅ አይቶ ሊያውቀው አይችልም። ስለዚህም ብዙ ግዛቶች በቀስት አደን ወራት ሽጉጥ ይዞ መገኘትን ይከለክሉ ነበር፤ ወደ ኋላ ግን ራስን ለመከላከል መያዝን ፈቅደው፣ አውሬ መግደያ ማድረግን ብቻ የከለከሉ አሉ።

በብሪታንያ ነገሩ ከዚህ ይጠብቃል። በእንግሊዝና በዌልስ የ1991 የአጋዘን ሕግ፣ ጠመንጃ ከ.240 ኢንች ካነሰ፣ ኃይሉም ከ1,700 ፉት ፓውንድ በታች ከሆነ ለአጋዘን አይሆንም ይላል። ቅድም ከጠቀስሁት ጋር ብታስተያዩት .44 ማግነም እንኳ በዚህ ሚዛን ይወድቃል። ከዚያም መጋቢት 13 ቀን 1996 በስኮትላንድ በደንብሌን ከተማ አንድ ሰው ሽጉጦች ይዞ ትምህርት ቤት ገብቶ 16 ሕፃናትንና መምህራቸውን ገደለ። በሚቀጥለው ዓመት በ1997 በወጡት ሁለት ሕጎች በእንግሊዝ፣ በዌልስና በስኮትላንድ ሽጉጥ መያዝ ለግል ሰው በሙሉ ለማለት በሚቻል መጠን ተከለከለ። ይሁንና ሕጉ አንዲት ጠባብ በር ተወ፤ ቈስሎ የሚሠቃይን እንስሳ፣ ለምሳሌ መኪና የገጨውን አጋዘን፣ ከስቃይ ለማሳረፍ የሚያስፈልግ ሽጉጥ በልዩ ፈቃድ ሊያዝ ይችላል። ሽጉጥ በአደን ሥራ ውስጥ ትክክለኛ ቦታው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። በቅርብ ሆኖ፣ በአንድ ጥይት፣ ስቃይን ለማሳጠር ከጠመንጃ ይልቅ ይመቻልና።

ጓደኞቼ፣ ስለ እኛ ዕድሜም አንድ ቃል ልናገር። የአሜሪካ የ1968 ሕግ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ለ18 ዓመት ሰው ጠመንጃ እንዲሸጥ ሲፈቅድ፣ ሽጉጥ ግን 21 ዓመት ላልሞላው እንዳይሸጥ ከልክሏል። በዚህ ላይ እስከ አሁን ክርክር አለ፤ በ2025 የይግባኝ ፍርድ ቤቶች እርስ በርሱ የማይስማማ ፍርድ ሰጥተውበታል። በ1994 የወጣው ደግሞ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ሽጉጥ እንዳይዝ ይከለክልና፣ ለአደን ወይም ለዒላማ ትምህርት ሲሆን የወላጁን የጽሑፍ ፈቃድ ይዞ እንዲገኝ ያዛል። ወላጆች ይህን ልብ ይበሉት፤ ሕጉ ኃላፊነቱን ከመንግሥት ወስዶ ለእነርሱ በብዕር አስፈርሟል። አሜሪካኖች ሌላም ዘዴ አላቸው፤ በጠመንጃና በጥይት ላይ 11 ከመቶ፣ በሽጉጥ ላይ ደግሞ 10 ከመቶ ቀረጥ ጥለዋል። ገንዘቡ ለዱር አራዊት ጥበቃ ይውላል፤ ከሽጉጡ የሚገኘውም ግማሹ አዳኞችን ለማስተማርና ለዒላማ ሜዳ እንዲውል ተደንግጓል።

በእኛ አገር አደንን የሚገዙ ሕጎች ከ1944 ጀምሮ በየጊዜው ወጥተዋል፤ በ1972 ሰፊ ደንብ፣ በ2007 ደግሞ አዋጅ ቍጥር 541 ታወጀ። ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው። መሣሪያ ስለ መያዝም በ2020 አዋጅ ቍጥር 1177 ወጥቷል። ሁለቱ ሕጎች ግን ተያይዘው ሊነበቡ ይገባል፤ በቤቱ ሽጉጥ በፈቃድ የያዘ ሰው በዚያው ፈቃድ ድኩላ መግደል የሚችል የሚመስለው እንዳለ በየገጠሩ ይሰማልና። መሣሪያ ለመያዝ የተሰጠ ፈቃድና ለማደን የተሰጠ ፈቃድ የተለያዩ ናቸው።

የተሰጠኝ ሰዓት አልቋል። ስሌቱን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሠርቼ ትቼዋለሁ፤ መመርመር የሚፈልግ ሁሉ ከስብሰባው በኋላ ቀርቦ ሊያየው ይችላል።