ጭሱ እስከ የት ጎረቤት ያደርገናል?



በዛሬው ዝግጅታችን በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች ለምትኖሩ ቤተሰቦች ለበጋው ወራት የሚጠቅም ርእስ ይዘን ቀርበናል። የሰደድ እሳት ጭስ ወዴት እንደሚሄድ ከሰማይ ላይ እንዴት ይታወቃል?

በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ከእኛ በስተ ሰሜን የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በእሳት ተያይዞ ነበር። የአካባቢው ሕዝብ ገደሉን በእግሩ እየወጣ ታገለው። ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ባለሙያዎች ለእርዳታ መጡ። ለሰው እግር አስቸጋሪ የሆነው ያ ገደል፣ ምድርን ለሚቃኙ ሳተላይቶች ግን መሰናክል አይሆንም።

ሳተላይት እሳትን የሚያገኘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ዓይናችን የማያየውን የሙቀት ጨረር በመለየት ነው። ለዚህ ከተሠሩት መሣሪያዎች አንዱ ምድርን 375 ሜትር በ375 ሜትር እየከፈለ ይመለከታል። ሁለተኛው ጭሱን ፎቶግራፍ በማንሳት ነው። ጭስ ከደመና የሚለየው ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ እንደ ጅራት እየሰፋ ስለሚሄድ ነው። ሜቴዎሳት የተባለው የአውሮፓውያን ሳተላይት በአንድ ቦታ ላይ እንደቆመ ሆኖ በየ15 ደቂቃው ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ምስል ይልካል። ምስሎቹ ተከታትለው ሲታዩ ነፋሱ ጭሱን ወዴት እንደሚነዳው ይታወቃል።

ይሁንና ሳተላይት ሁሉንም አያይም። ደመና ይጋርደዋል። ጭሱ ከፍ ብሎ ያልፍ ወይም እኛ የምንተነፍሰው አየር ውስጥ ይኑር፣ ከፎቶው ብቻ መለየት ያስቸግራል። ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ወደ ሸለቆ ሲወርድ ጭሱን ይዞት ይወርዳል። ስለዚህ በተራራ ላይ የተለኮሰ እሳት ከታች ያለውን መንደር ሲያስለው ሊያድር ይችላል።

እስኪ ጉናን እናስብ። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ይህ ተራራ የጉማራና የርብ ወንዞች መነሻ ነው። አስታውና ጓሳው ቢቃጠል ዝናቡን የሚይዝ አይኖርም፤ ጎርፉ አፈሩን ይዞ ይወርዳል።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ነፋስ ባለበት ቀን ገለባም ሆነ ቁጥቋጦ አታቃጥሉ። የግድ ከሆነ ዙሪያውን መንጥሩ፣ ለጎረቤትና ለቀበሌ አስታውቁ፣ እሳቱ ፈጽሞ ሳይጠፋ አትሂዱ። ጭስ ወደ ሰፈራችሁ ከመጣም ሕፃናትን፣ አረጋውያንንና አስም ያለባቸውን ቤት አስገብታችሁ በርና መስኮት ዝጉ፤ በዚያው ቤት ውስጥም እሳት አታንድዱ። በአፍ ላይ የሚታሰር ነጠላ ደቃቁን ጭስ አያስቀርም።

የጎረቤት ሐቅ ከባድ አማና መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ከሰማይ የሚነሣው ምስል የሚያሳየን ይህ ጉርብትና በአጥር እንደማያበቃ ነው፤ ጭሳችን የደረሰበት ሁሉ ጎረቤታችን ነው።

አላህ አገራችንንና ቤተሰቦቻችንን ይጠብቅልን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ!