በአዲስ አበባ መናፈሻዎች ያየነውና ለሰፈራችን ያሰብነው

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ላይ ላልተገኙ ነዋሪዎች በሰሌዳ እንዲለጠፍ ተወስኗል።)




ዛሬ የምንናገረው ስለ መናፈሻ ነው። አጀንዳው ሲነበብ ከኋላ የሳቃችሁ አላችሁ፤ አልተቀየምንም። የውሃ ወረፋው ሳያልቅ የመናፈሻ ወሬ ምን ሊሆን ነው ማለት ያለ ነው። ነገር ግን በሰፈራችን ዳር ያለው ሜዳና በላዩ ያሉት ዛፎች ጉዳይ በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ ይሰጥበታል። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ላይ ያየነውን ለእናንተ ማቅረብ ይገባናል ብለን ነው።

እንደምታውቁት ባለፈው ዓመት ከማኅበሩ ሦስት ሰዎች ሆነን ታማሚ ይዘን ወደዚያ ወርደን ነበር። ወርደን እንላለን እንጂ መውጣት ነው፤ ከእኛ ቆላ ተነስቶ በግልገል በለስ፣ በቻግኒ፣ በእንጅባራ አድርጎ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ነው የሚደረሰው። የሐኪሙ ቀጠሮ እስኪደርስ ዘጠኝ ቀን ቆየን። አንዳችን በየተራ ከታማሚው ጋር እየዋልን፣ ሁለታችን ከተማውን እንይ ተባባልን። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ እኛን ግን ካየነው ወዲህ እየናፈቀን ነው።

መጀመሪያ የሄድነው ስድስት ኪሎ ነው። ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ የሆነው ቦታ ድሮ ገነተ ልዑል የተባለ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ነበር። ዛፎቹ ሽቅብ ሲያዩዋቸው ኮፍያ ያስጥላሉ። ግን ጥላው ብቻ አይደለም የሚታየው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ ፋሺስቶቹ በከተማው ሕዝብ ላይ ያደረሱትን ጭፍጨፋ የሚያስታውሰው ሐውልት ከበሩ ውጭ በአደባባዩ ቆሟል። በ1953 ዓ.ም. ከታኅሣሡ ግርግር በኋላ ንጉሡ ግቢውን ለትምህርት ሰጡ፤ ዩኒቨርሲቲውም በ1954 ዓ.ም. ተመረቀ። ንጉሡ የኖሩበት ቤት አሁን ሙዚየም ነው። ልጆቻችሁ እዚያ የሚማሩላችሁ ወላጆች ልትጠይቋቸው ስትሄዱ ከበር አትመለሱ፤ አስጎብኙን በሉ።

እዚያው ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ የሚባለው በ1940 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ሁሉ በዓል ሲመጣ አባቱ እጁን ይዞ የሚወስደው እዚያ ነበር። በ2005 ዓ.ም. የወጣ የውጭ ሊቃውንት ጥናት የዚያን ግቢ 15 አንበሶች መርምሮ በዘራቸው ከሌላው የአፍሪካ አንበሳ የተለዩ መሆናቸውን ገልጿል። ጎፈሬያቸው ጥቁር ሆኖ እስከ ደረትና ሆድ ይወርዳል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ለልጆች መዝናኛ ተብሎ ስንት ዘመን በአጥር የተያዘ ነገር፣ ኋላ ሲመረመር ሌላ ቦታ የማይገኝ ሀብት ሆኖ ተገኘ።

በማግስቱ ታላቁ ቤተ መንግሥት ሄድን፤ ማለት የምኒልክ ግቢ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ምኒልክና ጣይቱ ፍል ውሃውን ወደው ከእንጦጦ ወርደው የሰፈሩበት ኮረብታ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ተራ ሰው በአጥሩ ሥር አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚያልፈው። መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ ተብሎ ለጎብኚ ተከፈተ። የግብር አዳራሹን አየን፤ የዙፋን ቤቱን አየን። ከዙፋን ቤቱ ሥር ያለው ምድር ቤት በደርግ ጊዜ የንጉሡ ባለሥልጣኖች የታሰሩበት ነው፤ ብዙዎቹ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ተረሽነዋል። ከዚያ ወጥቶ አበባ መሐል መቆም ትንሽ ይከብዳል። ከእኛ አንዱ ለረጅም ጊዜ ሳይናገር ቆየ።

ስለ መግቢያ ዋጋ የጠየቃችሁን አላችሁ። ሲከፈት ለአገር ሰው መደበኛው 200 ብር ነበር፤ ዋጋ ስለሚለወጥ ሄዳችሁ ጠይቁ። መታወቂያ ይዛችሁ ሂዱ፤ ፍተሻ አለ። አምስት ልጅ ላለው ሰው ቀላል ወጪ አይደለም፤ ይህን ደብቀን መናፈሻ ማሞገስ ደግ አይሆንም።

ከዚያው አጠገብ ወዳጅነት ፓርክ አለ፤ ጳጉሜን 5 ቀን 2012 ዓ.ም. የተመረቀው። ሰው ሠራሽ ሐይቅ አለው። የከተማውን ወንዞች ዳርቻ ለማልማት ግንቦት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ገበታ ለሸገር የተባለ እራት ተዘጋጅቶ ለአንድ ሰው መቀመጫ 5 ሚሊዮን ብር ተከፍሏል። አምስት ሚሊዮን! እኛ ሜዳችንን በቀርከሃ ለማጠር ስንት እንደሚፈጅ ስንከራከር ያመሸነውን አስታውሱ።

እንጦጦ የወጣነው በአምስተኛው ቀን ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ነውና የማንኩሽ ሰው ጋቢ ሳይዝ እንዳይሞክረው፤ በቀትር ተንቀጥቅጠናል። ጫካው አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ከተማው ሲቆረቆር የአካባቢው እንጨት ለማገዶና ለቤት ተቆርጦ አለቀና፣ በምኒልክ ዘመን የባሕር ዛፍ ዘር ከባሕር ማዶ መጣ፤ ስሙም ከዚያ ነው። የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ነው። ቶሎ ይደርሳል፤ ከተማውንም ከእንጨት ችግር አወጣው። ዛሬ ግን ከሥሩ ሌላ ተክል እንደ ልብ አያበቅልም፣ ውሃ ይመጥጣል ተብሎ፣ ከከተማው አስተዳደርና ከዩኒቨርሲቲው በመጣ ትብብር በተቋቋመው በጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ባሕር ዛፉን እያነሱ የአገር ዛፍ ይተክላሉ። ጽድ፣ ኮሶ፣ ወይራ። ቦታው ከ700 ሄክታር በላይ ነው። አባቶቻችን በነፃ ያገኙትን ዛፍ የልጅ ልጆች በችግኝና በደመወዝ እየመለሱት ነው ማለት ነው።

ወደዚያ ወገን ሳለን አንድ ደስ ያለን ነገር ይንገር። ሸጎሌ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእኛው ክልል ሰው፣ ከአሶሳው ገዥ ከሼህ ኾጀሌ አል ሐሰን ነው። የቤኒሻንጉልን ወርቅ ለምኒልክ የገበሩት እሳቸው ናቸው፤ በዚያ ኮረብታ ላይም ቤት ሠርተው ነበር። ስሙ በሰው አፍ ሲያጥር ሲያጥር ሸጎሌ ሆነ። ታክሲው ረዳት «ሸጎሌ፣ ሸጎሌ» እያለ ሲጮህ የአሶሳን ሰው ስም እየጠራ መሆኑን ስንነግረው ገርሞት፣ ሂሳብ ግን አልቀነሰልንም።

አሁን ወደ ጉዳያችን እንምጣ። ካየናቸው ቦታዎች ትልልቅ ዛፍ የተረፈው የት ነው? ቤተ መንግሥት ወይም ቤተ ክርስቲያን የነበረበት ቦታ ነው። አንድ ሰው ወይም አንድ ደንብ «ይህ አይነካም» ያለበት ቦታ ነው። በተራው ሰው ሰፈር ማንም እንዲህ ስላላለ፣ ቤት በቤት ላይ ተደርቦ፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱት መኪና መንገድ ላይ ነበር። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት ለመንገድ፣ ለእግረኛና ለአረንጓዴ ቦታ ሲባል በፒያሳ፣ በካዛንቺስና በሌላውም ሰፈር ስንት ቤት ፈረሰ፤ ስንት ጎረቤት ተለያየ። የተሠራው ያምራል፤ ምሽት ላይ ሰው እንደ ጉድ ይወጣበታል። አብረን ሻይ የጠጣን አንዲት እናት ግን ከአርባ ዓመት ጎረቤቶቻቸው አንድም አጠገባቸው እንደሌለ አጫውተውናል። ቦታው አስቀድሞ ቢተው ኖሮ ይህ ሁሉ መነሣት ባልበዛ ነበር ብለን እናምናለን።

ማንኩሽ ገና ትንሽ ናት፤ ግን በጉባ ምድር የሕዳሴው ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ከዚህ በኋላ ሰው ይመጣል፤ ሱቅ ይመጣል፤ ቦታ ይወደዳል። ሜዳው ለሱቅ ይሰጥ፣ ማኅበሩም ገቢ ያግኝ የሚሉ አባላት ሐሳባቸው የሚናቅ አይደለም፤ ለእድር ድንኳን መግዣ ገንዘብ እንደሌለን ከማንም በላይ እኛ እናውቃለን፤ የገንዘብ ሳጥኑ ከእኛ ጋር ነውና። ነገር ግን ዋርካውና ማንጎዎቹ ሥር ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ጉሙዙም አገውም ሺናሻውም አማራውም ኦሮሞውም እዚያ ይታረቃል። በሚያዝያ ሙቀት አራስና ሕመምተኛ የሚወጣው ወዴት ነው? ሱቅ ሌላ ቦታ ሊሠራ ይችላል። ዋርካ ግን ዛሬ ተቆርጦ ነገ አይተከልም። ተመልሶ ጥላ እስኪሆን እዚህ ከተቀመጥነው ስንቶቻችን እንኖራለን?

ስለዚህ የሥራ አስኪያጅ ኮሚቴው ሐሳብ የሚከተለው ነው። ሜዳው ተለክቶ የጋራ ቦታ ሆኖ እንዲመዘገብ ለወረዳው በጽሑፍ እንጠይቅ። አጥሩ ቀርከሃ ይሁን፤ ቀርከሃ እንኳን በአገራችን ሞልቷል። በር ይኑረው እንጂ ቁልፍ አይኑረው፤ መግቢያም አይከፈልበት። ለሠርግና ለለቅሶ ድንኳን ይተከልበት። ችግኝ ስናመጣ በዚህ ሙቀት የሚይዘውን፣ እዚሁ ካለው ዘር እናምጣ። ዋርካው ላይ ሚስማር መምታትና ሥሩ እሳት ማንደድ ከዛሬ ጀምሮ ይቅር፤ ማን እንደሚያነድ እናውቃለን፤ ስም አንጠራም።

ልኬታው የፊታችን እሑድ ጠዋት በ1 ሰዓት፣ ፀሐይ ሳይበረታ ይጀመራል። ሃምሳ ሜትር የሚሆን ገመድ ያለው ሰው ቅዳሜ ማታ ለጸሐፊው ቤት ያድርስ። ቦታው ለሱቅ ይሁን የሚሉ አባላትም በልኬታው እንዲገኙ በአክብሮት እንጠይቃለን፤ ድንጋዩ የት እንደተተከለ በኋላ እንዳንጣላ።